የደበቅኩብህ መንጠቆ

አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ወንድሜ ድሬዳዋ ሥራ አግኝቶ ሄዷል። እማዬ ሬዲዮህን ለጎረቤት ሰጠችው፤ ድምፁን መስማት አልቻለችም። በቱሊ ጉሌድ መንገድ ያለው ግድብ ዘንድሮ ሞልቷል አሉኝ። አልሄድኩም።

ክረምቱ ሲወጣ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዓሣ ልናጠምድ ግድቡ ድረስ ይዘኸኝ ትሄድ ነበር። ውኃው ላይ የሚንሳፈፈውን ቡሽ ክሩ ላይ አታስረውም፤ እንዲንሸራተት ታሾልከውና ከበላዩ ትንሽ ቋጠሮ ታደርጋለህ። መንጠቆው ክሩን እየሳበ ይወርዳል፤ ቋጠሮው ቡሹ ጋ ሲደርስ ይቆማል። "በጥቅምት ዓሣው ታች ነው፣ ቋጠሮውን ከፍ አድርጊው" ትለኝ ነበር። ግመሎቹን ሊያጠጣ የሚመጣው ሐሰን "ወላሂ፣ ይሄን ነገር እንዴት ትበሉታላችሁ?" እያለ ይስቅብናል። ቡሹ ሲሰምጥ ግን ቀድሞን ብድግ የሚለው እሱ ነው።

ልብህ ሲደክም ሐኪሙ ከቤት እንዳትርቅ ከለከለህ። አንተ አልሰማ አልክ። አንድ ቅዳሜ መንጠቆህንና ክርህን ወስጄ ቁም ሣጥኔ ውስጥ፣ ከልብሶቼ ሥር ደበቅኩት። በማግስቱ ቤቱን ሁሉ ፈለግህ፤ ተንበርክከህ አልጋ ሥር ሳይቀር አየህ። "አላየሽውም ልጄ?" ስትለኝ "አላየሁም" አልኩህ። ቀና ብለህ "እንግዲህ መርሳት ጀመርኩ ማለት ነው" አልክ።

አያቴ በመጨረሻው ዘመኑ ልጆቹን መለየት አቅቶት እንደነበር፣ አንተም ከሞት ይልቅ ያንን እንደምትፈራ አውቃለሁ። እያወቅኩ ዝም አልኩ። ሲሻልህ ልነግርህ አስቤ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አረፍክ።

አርባህ ካለፈ በኋላ ኮትህን ላጥብ ስል ከኪሱ ወረቀት አገኘሁ። የእማዬን ስም፣ የወንድሜን ስም፣ የሰፈራችንን ስም ጽፈህበታል። የእኔ ከሁሉ በላይ ነው፤ ከአጠገቡ "ልጄ ናት" ይላል።

አባዬ፣ አንተ ምንም አልረሳህም ነበር። ይህን ለእማዬ አልነገርኳትም፤ ለንስሐ አባቴም አፌን ሞልቼ መናገር አልቻልኩም። ይቅር በለኝ ብልህም ይቅር የሚለኝ የለም። ተንበርክከህ ቀና ስትል ያየሁት ፊትህ ከዓይኔ አይጠፋም፤ እንዲጠፋም አልፈልግም። እስካለሁ ድረስ፣ የረሳህ የመሰለህን ሁሉ እኔ አስታውስልሃለሁ።

ልጅህ