ሥር ለሌለው የኮክ ዛፍ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ ጓድ ዶው ዦንግሊ፣
የቺንግታን ወረዳ የፓርቲ ጸሐፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ እያልኩ፣ ባለፈው ማክሰኞ በዚያ ፀሐይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆመው ስለ ዕድገታችን ሲናገሩ ራስዎን እንዳያምዎት ስሰጋ መሰንበቴን በትሕትና እገልጻለሁ። እኔ ጡረተኛው መምህርና ኮክ አብቃይ ሚያው ቸንግያን፣ ይህን ደብዳቤ በመንደራችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት፣ ጽሕፈት ቤትዎ ከሥራ ብዛት የተነሣ የላክኋቸውን ሦስት ደብዳቤዎች ለመክፈት ጊዜ እንዳጣ ስለገባኝ ነው።

አንደኛ፣ ስለ አመራር ጥበብዎ አመሰግናለሁ። ከእርስዎ በፊት ከነበሩት ሁለት ጸሐፊዎች የመጀመሪያው ስንዴውን ነቅለን ኮክ እንድንተክል አዘዙንና በዚሁ ተሾመው ሄዱ፤ ሁለተኛው ኮኩን ነቅለን ቅጠሉ ለሐር ትል ምግብ የሚሆን ዛፍ እንድንተክል አዘዙንና እርሳቸውም ተሾሙ። ባለቤቴ በጀርባዋ ውኃ እየተሸከመች ያሳደገቻቸው ሠላሳ ዛፎች የተረፉት ከኮረብታው ጀርባ፣ ከሹም ዓይን ርቀው ስለነበሩ ነው። እርስዎ ግን ነቅሎ መትከል ዓመታት እንደሚፈጅ ስለተረዱ አቋራጭ አገኙ።

ሁለተኛ፣ የጭማቂ ፋብሪካ ሊያቆሙልን ያስቡ የነበሩት የውጭ አገር ባለሀብቶች ኮረብታ ወጥተው እንዳይደክሙ በማሰብ፣ አሥራ ዘጠኙን ዛፎቼን በመጋዝ አስቆርጠው በመንገዱ ዳር ጉድጓድ ውስጥ ስላስቆሙልኝ፣ ከገበያ የተገዛ ኮክም በክር ስላሳሰሩባቸው ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አቤት ስል የመንደሩ ሊቀ መንበር «መምህር፣ ዛፍ እንደሆነ ይበቅላል፤ የጸሐፊው ሹመት ግን እስኪበቅል አይጠብቅም። አርፈው ይቀመጡ» አሉኝ። አርፌ ተቀመጥኩ። ለዚህም ራሴን ንቄአለሁ፣ እርስዎን ከናቅሁበት መጠን ጥቂት ባነሰ።

ሦስተኛ፣ በዚያው ማክሰኞ ከእንግዶቹ አንዷ ኮክ ልትቀጥፍ ሳብ ብታደርግ ዛፉ እንዳለ ተከትሏት ሲመጣ፣ ቅንጣት ሳይደነግጡ «ይህ ለመጓጓዝ እንዲመች ያሻሻልነው ዝርያ ነው» በማለትዎ አድናቆቴን እገልጻለሁ። አጠገቤ የቆመችው ጎረቤቴ ታንግ «ሥሩን ደግሞ በፖስታ ይልኩላት ይሆናላ» ስትል መንደሩ ሁሉ ሳቀ። እንግዶቹ ግን አልሳቁም፤ የታረደላቸውን ዳክዬ እንኳ ሳይቀምሱ ሄዱ። ፋብሪካውን ተስፋ አድርገው ከከተማ የተመለሱት ልጆቻችንም በማግስቱ ሻንጣቸውን አነሡ።

አራተኛ፣ በቀሩት አሥራ አንድ ዛፎች ላይ ትናንት የመቆረጥ ምልክት የሆነው ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ዓርብ የክፍለ ሀገሩ አለቆች ይመጣሉ አሉ። እነዚህን አይንኩብኝ። ባለቤቴ የተቀበረችው በጥላቸው ነው፤ በየዓመቱ መቃብሯን ስንጠርግ የምንቀመጥበት ሌላ ጥላ የለንም።

በአገራችን ለታላቅ ሰው ረጅም ዕድሜ የሚመኙት ኮክ ይዘው ነውና፣ ባዶ እጄን በመሆኔ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ሹመትዎ ከመንገድ ዳር ዛፎችዎ የተሻለ ሥር እንዲሰድ ከልብ የምመኝ ታዛዥዎ፣

ሚያው ቸንግያን

ማስታወሻ፦ ዛፉን የነቀለችው እንግዳ ከመሄዷ በፊት የአድራሻ ካርዷን ሰጥታኝ፣ እውነተኛዎቹ ዛፎች የት እንዳሉ ጠይቃኝ ነበር። አስተርጓሚው ዓይን ዓይንዎን ያይ ስለነበር ሳልመልስላት ቀረሁ። ዓርብ እመልስላታለሁ። ዛፎቹ ቆመው ከተገኙ ወደ ኮረብታው የሚወስደውን መንገድ እነግራታለሁ፤ ካልተገኙ የሠላሳ ጉቶ ፎቶግራፍ እልክላታለሁ። ቅጂውንም ለዓርብ እንግዶችዎ እኔው በእጄ እሰጣቸዋለሁ።