ከድልድዩ ማዶ ያለው ራሰ በራ

ኅዳር 3
የልጅ ልጄን አንድ እግር ጫማ ደብቄ ቤቱን ቀወጥኩት። ሥራ ረፈደባት። ልጄ "አባዬ፣ አንተን ማሳደግ የምጨርሰው መቼ ነው?" አለችኝ። ጫማው ማቀዝቀዣው ላይ ነው አልኳትና ወጣሁ። ጉልበቴም እያጉረመረመ ተከተለኝ።
ወዴት? ወደ ራሰ በራው ነዋ! ከድልድዩ ማዶ ነው የሚኖረው። በየቀኑ ሄጄ በዳማ አሸንፌው እመለሳለሁ። (እሱ ሌላ ይላል።) ዛሬ ግን... ድልድዩ ታጥሯል። ብረቱ ዝጓል፣ ኮንክሪቱ ተሰነጣጥቋል፣ ሊጠገን ነው አሉ። ግማሹን ዘግተው መኪናውን በቀረው ግማሽ ተራ በተራ ያሳልፋሉ። ከባድ መኪና ክልክል። የእግረኛው መንገድ ስለፈረሰ እግረኛም ክልክል።
"እኔ እኮ ከባድ አይደለሁም" ብል ማን ይስማኝ።

ኅዳር 5
በታክሲ ሞከርኩ። ሰልፉ አያልቅም። ስደርስ ራሰ በራው ተኝቷል። የጀመርነው ጨዋታ እንዳለ ተቀምጧል...

ኅዳር 9
ዘዴ ተገኘ!
በኛ በኩል መኪና የምታስቆም ልጅ አለች፤ በአንድ ፊቱ ቀይ፣ በሌላው አረንጓዴ የሆነ ምልክት ይዛ። በወዲያኛው ጫፍ ጓደኛዋ ቆሟል። "ልልቀቅ? ቆይ!" እየተባባሉ በሬዲዮ ያወራሉ።
"የኔ ልጅ፣ በዚያች ሬዲዮ መሀል አንዲት ነገር ጣል ብታደርጊልኝስ?"
"ኧረ አባባ፣ ሊያስባርሩኝ ነው!" አለች። ግን ሳቀች። ስትስቅ ጊዜ በርጩማዬን ላመጣ ሄድኩ።
ለዳማው ቤቶች ቁጥር ሰጠን። እኔ በዚህኛው ጫፍ ቆርኪዎቼን ደረደርኩ፣ ራሰ በራውም ደውዬለት መጥቶ በዚያኛው። ጨዋታው ካቆምንበት ቀጠለ። መላጣው እስከዚህ ድረስ ያበራል። በማታ ለሹፌሮቹ ይጠቅማቸው ነበር።

ኅዳር 12
የሥራው ኃላፊ በንዴት መጣ። በሬዲዮው "ከአሥራ አራት ተነስተህ ሁለቱን ብላ" ሲባል ሰምቷል። "በሥራ ሰዓት የሚበላው ማነው?" አለ። ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ... ዳማውን አየ... ጎንበስ አለ።
"ይቺ ጥግ ላይ ያለችው አደጋ ላይ ናት" ብሎኝ ሄደ።
እንግዲህ ፈቀደ ማለት ነው?

ኅዳር 20
የራሰ በራው ልጅ ከሌላ ከተማ መጥታ ስትመለስ ድልድዩን ተሻግራ አጠገቤ ቆመች። መስኮቷን ዝቅ አደረገች።
"አባባ፣ ድልድዩ እንዳለቀ አባቴን ልወስደው ነው። ዕቃውን የሚጭነው መኪና ከባድ ስለሆነ አሁን አያሳልፉትም እንጂ..."
"ምን አደረገሽ?"
"ብቻውን እየኖረ እኔ እንቅልፍ ይወስደኛል?"
"እሱስ ምን አለ?"
"የጀመርኩትን ዳማ ሳልጨርስ ንቅንቅ አልልም አለ። እሺ፣ ስትጨርስ ትሄዳለህ አልኩት፤ ቃል ሰጠኝ።"
ከኋላዋ ያሉት ጥሩምባ ነፉባት። ሄደች።
ዳማውን አየሁት። ሁለት ጊዜ ባንቀሳቅስ አለቀለት። ስንት ዘመን ስጠብቀው የኖርኩት ድል!
እጄን ሰበሰብኩ።

ኅዳር 21
ንጉሤን ወደ ኋላ መለስኩት።

ኅዳር 26
እሱም ንጉሡን ወደ ኋላ መለሰ። ገብቶታል መሰለኝ... ወይስ ድሮም እንዲህ ነው የሚጫወተው?
ሰልፍ ላይ የቆመ መኪና ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያየኛል። ዛሬ አንዱ የሚኒባስ ሹፌር ትዕግሥቱ አለቀ። "ፋዘር፣ ጨርሰው እንጂ! እጅህ ላይ ነው እኮ!"
ረዳቱ ደግሞ "ተዋቸው ባክህ፣ ዓይናቸው ደክሟል" አለው።
ዓይናቸው ደክሟል! እኔን! ሚኒባስ ሙሉ ሰው ሳቀ። አፌ ድረስ የመጣውን መልስ ዋጥኩት። ለዚያ መላጣ ስል ስንት ነገር እንደዋጥኩ... አይነገረውም፣ ይኮራብኛል።

ታኅሣሥ 15
አንድ ተሸካሚ ምሰሶ ላይ ሌላ ስንጥቅ ተገኘ፣ ሥራው ይራዘማል አሉ። ሰው ሁሉ አማረረ። እኔ ብስኩት ገዝቼ ቤት ገባሁ።

ጥር 4
ከነገ ወዲያ ይከፈታል። ራት አልበላ አለኝ። ልጄ ግንባሬን ነካች። "አሞሃል? ዛሬ ማንንም አልነካህም።"
ነገርኳት። ሰማችኝና "የጓሮው ክፍል ባዶ አይደል?" አለች።
"የተሰበሩ ወንበሮች አሉበት።"
"የማን ናቸው?"
"...የኔ።"
"አውጣቸዋ!"
ለራሰ በራው ልጅ ደወለች። በር ሥር ቆሜ ሰማሁ። "ብቻውን መሆኑ አይደል ያስጨነቀሽ? እኛ ጋ ብቻዬን ልሁን ብሎ ቢለምን እንኳ አባዬ አይተወውም።"
ያቺኛዋ "አባቴ ይወስን" አለች።

ጥር 6
ተከፈተ። ልጅቷም ጓደኛዋም ከነሬዲዮአቸው ወደ ሌላ ሥራ ሄደዋል። ራሰ በራው ምን ወሰነ? ስደውል አያነሳም። ሆን ብሎ ነው፣ አውቀዋለሁ!
የጭነት መኪናው ባዶውን ተሻገረ። መገንጠያው ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ቀጥታ ከሄደ ከከተማ መውጫው ነው። ወደ ቀኝ ከታጠፈ የኛ ሰፈር።
ተጭኖ ተመለሰ። አልጋው ከላይ ታስሯል። ከሹፌሩ ጎን አንድ መላጣ ያበራል። ቀጥ ብሎ ያያል፣ እኔን አያየኝም...
የቀኝ ፍሬቻው ብልጭ አለ።
የሚያጉረመርም ጉልበት እንዳለኝ ረሳሁ፤ ከመኪናው ቀድሜ በር ላይ ደረስኩ። ሲወርድ "ቤታችሁ ጠባብ ነው" አለኝ።

ጥር 7
ሌሊቱን ሙሉ አንኮራፋ። ጠዋት የልጅ ልጄ ጫማ ጠፋ፤ ሁሉም እኔን አየኝ። የዛሬውስ እኔ አይደለሁም! ማን ያምነኛል?
ከቁርስ በኋላ ዳማውን ዘረጋን፣ ቆርኪዎቹን በየነበሩበት አደረግን። "ዓይንህ ደክሟል ይባላል" አለ እየሳቀ።
በሁለት እርምጃ ጨረስኩት። ያለ ርኅራኄ።
አሁን ጓሮ ውስጥ ይጮሃል። አጭበርብረሃል፣ ካልደገምን ንቅንቅ አልልም ይላል።
ይጩህ። ማን ንቅንቅ በል አለው?