ሳያስፈቅድ የማይጠፋው

ወንድሜ ፍሎፒ፣

እስክትመለስ ጠብቄህ ነበር። አሁን ግን ባለታክሲው በር ላይ ጥሩንባ እየነፋብኝ ነው፤ ሌላ ከተማ ያገኘሁት አዲሱ ሥራዬ ደግሞ አይጠብቅም።

ቁልፉ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ጋ ነው።
የወጥ ቤቱ ቧንቧ አሁንም ያንጠባጥባል፤ ባልዲውን ከሥሩ እንዳታነሳው።

ትናንት «የሞተ አይመለስም» ስልህ በሩን ድርግም አድርገህ ወጣህ። ያልኩህ እኮ ስለ አሮጌው ኮምፒውተር ሲስተም ነው። ስለ አባዬ አልነበረም።

በሲስተሙ ግን አሁንም አልስማማም። «ሰው አዲሱ ሰልችቶታል፣ ወደ ድሮው ይመለሳል» ትላለህ። የድሮው ሲስተም እንዳንተ ያለ ጥቂት ወዳጅ አያጣም። ግን ኢንተርኔቱን አይከፍት፣ ዛሬ የሚሸጠውን ፕሪንተር አያውቅ፣ እስኪ ማን ቢሮው ያስገባዋል? አንተም ብትሆን ሥራህን የምትሠራው በአዲሱ ነው። የአባዬን ኮምፒውተር የምትከፍተው እሱ ሲናፍቅህ ነው።

ዛሬ ጠዋት ልሰናበተው ብዬ ከፈትኩት። ስዘጋው ማጥፊያው በእጅ እስኪጫን የሚጠብቀው ያ ጥቁር ስክሪን መጣ፦ «አሁን ኮምፒውተሩን ማጥፋት ይችላሉ።» አባዬ እዚህ ጋ ሲደርስ «አያችሁ? ጨዋ ነው፤ ሳያስፈቅድ አይጠፋም» እያለ እንዴት ይስቅ ነበር!

እሱ ራሱ ግን ሳያስፈቅደን ሄደ።
እኔም ይኸው...

ምሳህ ፍሪጅ ውስጥ አለ፤ አሙቀህ ብላ።

ኮምፒውተሩ እዚያው ስክሪን ላይ እንደቆመ ነው።
ጣቴ እምቢ አለኝ። አንተ አጥፋው።

እህትህ