ቆዳ ስለበዛባቸው የዕድገት ዓመታት

ለተከበሩ የብሔራዊ ገቢ ታሪክ ጥናት ክፍል ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ ጤናዎ፣ እንቅልፍዎና በተለይም የምግብ ፍላጎትዎ እንደተለመደው የተሟላ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ የአገራችን ያለፉት ዘመናት ገቢ ምን ያህል እንደነበረና እንዴት እንዳደገ ተሰልቶ እንዲጻፍ በተከፈተው ክፍልዎ፣ ከመስኮቱ ሥር ባለችው አንድ እግሯ በጡብ በተደገፈ ጠረጴዛ ላይ የተመደብሁ፣ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ዓመት ያልሞላኝ ጀማሪ ባለሙያ ነኝ። በቢሮ ያቀረብሁት ሁሉ ሰሚ ስላጣ በጋዜጣ በኩል በአደባባይ ለመጻፍ ደፍሬያለሁና፣ ድፍረቴን በልጅነቴ ያመካኙልኝ።

በቅድሚያ ምስጋናዬን ይቀበሉ። ቁጥር የጎደለባቸው ዓመታት እንዴት እንደሚሞሉ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ከወዲህ ያለውን የታወቀ ዓመት ከወዲያ ካለው የታወቀ ዓመት ጋር በዚያች በእንጨት ማስመሪያዎ ያገናኙታል፣ በመካከል ያለው ዘመንም ያለ ክርክር ይሰለፋል። በአንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ አገሪቱን ስንት ዓመት እንዳሳደግናት ለእናቴ ስነግራት፣ «እንዲህ ቀላል ከነበረ እስከ ዛሬ ምን ስትሠሩ ነበር?» ብላኛለች።

ቅሬታዎቼ ግን እነሆ።

አንደኛ፤ በድሮው ዘመን ከብት የሚቆጥር ስላልነበረ፣ የአርቢውን ገቢ የምንገምተው ወደ ውጭ በተላከው ቆዳ ብዛት ነው፤ ቆዳ ከበዛ አርቢው በልጽጓል እንላለን። በዚህ ብልሃት ሦስት የተራራቁ ዓመታት ከሌሎቹ ሁሉ ልቀው ወጥተውልናል፤ እርስዎም «የጥጋብ ዓመታት» ብለው በግራፉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ከበዋቸዋል። እንዳይቀየሙኝ እየሰጋሁ የማስታውስዎ፣ በሦስቱም ዓመታት ዝናብ አለመዝነቡን ነው። ቆዳው የበዛው ከብቱ ስላለቀ ነበር። ገበሬው በሬው መቆም ሳያቅተው ቸኩሎ ለእርድ ሸጠ፣ ያልሸጠው ሞተበት፣ የሞተበትን ገፈፈ፤ እኛ ደግሞ ያንን ገፈፋ ዕድገት ብለን ጻፍነው። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል የሰማሁት በተረት ነበር፤ ሰንጠረዥ ሆኖ ያየሁት በእርስዎ ዘንድ ነው።

ሁለተኛ፤ ከእነዚህ የጥጋብ ዓመታት ቀጥሎ የሚመጣው ዓመት በሦስቱም ቦታ ባዶ ነው። «መረጃ የጠፋበት» ብለን በማስመሪያ ተሻግረነዋል። መረጃው ግን አልጠፋም፣ ክቡር ሆይ፤ የጠፋው ቆዳው ነው። የሚገፈፍ ከብት አልቆ፣ ገፋፊው ራሱ ልጆቹን ይዞ ስደት ወጥቶ ነበር። በዚያ ዓመት ላይ ያሰመርነው መስመር ግን ሳይጎብጥ ከፍ ብሎ ያልፋል።

ሦስተኛ፤ ነገሩ የታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንደ ሌሎቹ ባልደረቦቼ አንገቴን ደፍቼ ደመወዜን በበላሁ ነበር። የዘንድሮውን ገቢ የምንተነብየውም ግን በዚሁ ዘዴ ነው፤ ዘንድሮም ቆዳ በዝቷል። ጠረፍ አካባቢ ቆዳ የሚነግድ አጎት አለኝ። በቀደም ደውሎ፣ «አንቺ የቁጥር ሰው፣ የት ጠፋሽ? እኛማ ደልቶናል፤ መጋዘኑ ሞልቶ ቆዳው ደጅ እያደረ ነው» አለኝ በሳቅ። ቆዳው እንዴት ያለ ነው ብዬ ስጠይቀው ሳቁን ገታ አድርጎ፣ «እሱማ ምኑን ቆዳ ሆነ! ፀሐይ ላይ ብትዘረጊው ወዲያ ማዶ የቆመ ሰው ያሳይሻል» ሲል መለሰልኝ። ይህንኑ ይዤ ወደ ቢሮዎ ስሮጥ አንዱ ጫማዬ ደረጃው ላይ ወልቆ ቀርቷል። እርስዎም በአባታዊ ትዕግሥት፣ «ልጄ፣ ቆዳ ቆዳ ነው፤ ስስነቱን ለጫማ ሰፊ ተይለት» ብለው መክረው ሸኙኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ የምናገረው ስለ ወረቀቱ ብቻ ነው።

አራተኛ፤ በክፍላችን ትንበያ መሠረት ዘመኑ የጥጋብ ነው ተብሎ፣ ለክፉ ቀን የተቀመጠው እህል ለውጭ ገበያ እንዲሸጥ ተወስኗል። ጎተራው ከእኔ መስኮት ይታያል። የጭነት መኪኖች ባዷቸውን ገብተው ሞልተው ይወጣሉ፤ ሁሉም ወደ ወደቡ ይታጠፋሉ፣ ወደ አጎቴ አገር የታጠፈ እስካሁን አላየሁም።

ልመናዬ አንዲት ናት። ትንበያው እንደገና መመርመር እንዳለበት የሚገልጽ አንድ መስመር ይፈርሙልኝና መኪኖቹ ይቁሙ። ያሳደግናቸውን ሦስት ዓመታት ወደ ቦታቸው ዝቅ ብናደርጋቸው ማንም አይሞትም፤ በእነሱ የሞተው አስቀድሞ ሞቷል። የዘንድሮው ሰው ግን ገና በሕይወት አለ። እርስዎ እንደሚፈርሙም አምናለሁ፤ ባላምን ኖሮ ይህን ያህል ወረቀት አላበላሽም ነበር።

መስመርዎ ሳይጎብጥ፣ ማስመሪያዎ ሳይሰበር፣ ከነሙሉ ጥጋብዎ ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩልን እየተመኘሁ፣ ከእርስዎ የተማርሁትን እስከ ዕለተ ሞቴ የማልረሳ፣

ትሑት ታዛዥዎ፣
ከመስኮቱ ሥር ያለችው ጀማሪ ባለሙያ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን አጥፌ ፖስታ ውስጥ ስከት አጎቴ ደወለ። በዚህ ሳምንት ቆዳ ይዞ የመጣ አንድም ሰው የለም፤ ገበያው ጭር ብሏል፤ «ምን ሆነው ይሆን?» ብሎ እኔኑ ጠየቀኝ። መረጃ የሚጠፋበት ዓመት ገብቷል ማለት ነው፣ ክቡር ሆይ። ማስመሪያዎ በግራ በኩል ባለው መሳቢያ ውስጥ ነው።