ባለባሕር ማለት ዓሣ አጥማጅ ማለት አይደለም

ለክልሉ የተቀናጀ መረጃና የሥራ ስምሪት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ሴፕቴምበር 24 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.

ጉዳዩ፦ በስህተት "ዓሣ አጥማጅ" ተብዬ መመዝገቤ እንዲታረምልኝ፣ የአባቴ የማጥመጃ ቦታ ግን እንዳይነካ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ዱርሳፍ ቤን ሐሚዳ የራስ ነመል ደሴት ነዋሪ ስሆን ዘንድሮ በስታቲስቲክስ ተመርቄአለሁ።

1. ጽሕፈት ቤትዎ የዓሣ ሀብትን፣ የማኅበራዊ ዋስትናንና የሥራ ፈላጊዎችን መዝገብ በአንድ ቋት ማቀናጀቱን የሰማሁ ዕለት ደስታዬ ልክ አልነበረውም። የትኛው መንደር ሥራ እንዳጣ፣ የትኛው እንዳገኘ በወራት ውስጥ ማየት ይቻላል ማለት ነውና። ይህንኑ መረጃ ለሚያጠኑ ጀማሪዎች በወጣው የሥራ ማስታወቂያ ተፈትኜ አልፌአለሁ። የቀረኝ ሥራ እንደሌለኝ የሚገልጽ ማስረጃ እስከ ኦክቶበር 10 ማቅረብ ብቻ ነው።

2. ማስረጃውን ስጠይቅ የመስኮቱ ሠራተኛ አቶ ላስዓድ ኮምፒውተሩን አይተው "አንቺማ የሃያ ሁለት ዓመት ልምድ ያለሽ ዓሣ አጥማጅ ነሽ" አሉኝ። ዕድሜዬ ሃያ ሦስት ነው። "ታዲያ ዳዴ እያልኩ ነው ባሕር የወረድኩት?" ብላቸው "እሱን ከማሽኑ ጋር ተነጋገሪ፣ እህቴ" ብለው ተረኛ ጠሩ። እኔ በመርከብ ስሻገር እንኳ የሚያስመልሰኝ ሰው ነኝ። ወሬው ስለተሰማ አሁን ወደብ ላይ ባለፍኩ ቁጥር አጎቴ ማኽሉፍ "ካፒቴን! ዛሬስ ምን ያዝሽ?" ይሉኛል።

3. ስህተቱ የመጣው ከአንድ ቃል ነው። በደሴታችን በዘንባባ ዝንጣፊ የሚታጠር የባሕር ማጥመጃ ቦታ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ታላላቆቹ ተጣልተው እንዳይሸጡት ገና በሕፃንነቱ በመጨረሻው ልጅ ስም ይጻፋል፤ ስሙ የተጻፈለትም "ባለባሕር" ይባላል፤ የሚያጠምደው ግን አባትየው ነው። አዲሱ ሥርዓት ባለባሕሩን ሁሉ "ዓሣ አጥማጅ" ብሎ ወሰደው። የጽሕፈት ቤትዎ ሪፖርት በደሴቱ በዓሣ ሥራ የተሰማሩ ወጣቶች በስድሳ አንድ ጨመሩ ይላል። ቤት ለቤት ዞሬ ጠየቅሁ። አርባ አራቱ እንደኔ ዓሣ አጥምደው የማያውቁ የመጨረሻ ልጆች ናቸው፤ አንዱ እንዲያውም ጣሊያን አገር ሳህን ያጥባል።

4. ስሜ ይሰረዝ ብዬ የዓሣ ሀብት መስኮት ሄድኩ። ይሰረዛል፤ ነገር ግን ባለባሕር የሌለው ቦታ ለጨረታ ይወጣል ተባልኩ። ወደ አባቴ ስም ይዛወር ብል፣ ዝውውር ከታገደ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ስለዚህ እኔ ሥራ የለኝም ለማለት አባቴን ሥራ ማሳጣት አለብኝ። አባቴ መብሩክ ይህን ሲሰሙ "አሰርዢውና ሂጂ ልጄ፤ ዓሣውም ከእኔ ጋር አርጅቷል" ብለው ሳቁ። ከዚያም ወጥተው ያልተሰበረ አጥር ሲጠግኑ ዋሉ።

5. ስለዚህ የቦታው ባለቤትና የሚሠራው ሰው በተለያየ ዓምድ እንዲመዘገቡ፣ ማስረጃዬም ከቀነ ገደቡ በፊት እንዲሰጠኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ዓምዶቹን ራሴ ለይቼ አዘጋጅቻለሁ፤ ከተጠራሁ በመጀመሪያዋ መርከብ እመጣለሁ።

ይህ እስከ ኦክቶበር 10 የማይደርስ ከሆነ ግን የሥራ ቦታዬን ለተጠባባቂው ይስጡት፤ ስሜን ከመዝገቡ አይሰርዙብኝ። እኔ ሌላ ማስታወቂያ እጠብቃለሁ። አባቴ ሌላ ባሕር የላቸውም።

አባሪ፦ በፈቃዳቸው የፈረሙ የአርባ አራት ባለባሕሮች ዝርዝር (ጣሊያን ያለው ፊርማውን በስልክ ልኳል)

ከአክብሮትና ከደሴቱ ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ዱርሳፍ መብሩክ ቤን ሐሚዳ