በሊያ ዲፌንስ ላይ ያደረግኩት

የቤቴ እመቤት፣ ጽጌዬ፤

ከተለየሽኝ ወዲህ ሁለተኛውን ፋሲካ ያለ አንቺ ፈሰክን። ነፍስሽን በአብርሃም እቅፍ ያኑርልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ከድሮው ሰፈራችን ከፓርክ ሂል ለቅቀን አውሮራ ገብተናል፤ ጤና አዳምሽን ከነጣሳው ይዤ መጥቼ ጸድቋል። ታክሲውን አሁንም እነዳለሁ።

ይህን የምጽፍልሽ ግን አፍሬ ነው። ከአንቺ ሌላ ለማን እነግረዋለሁ?

አንቺ «የማግኔቱ ነገር» የምትይው የልጃችን የሊያ ጥናት አልቆ፣ ባለፈው ሳምንት በመምህሮቿ ፊት ዲፌንስ የሚሉትን የመጨረሻ ፈተና ተፈተነች። ዋዜማውን እቤት በእኔ ላይ ተለማመደች። በደቃቅ ክብ ብረት ውስጥ ማግኔቱ፣ ስኳር ሲማሰል ሻይ እንደሚዞረው፣ በመሃሉ ዙሪያ ተጠቅልሎ ይቀመጣል አለችኝ። ሁለት ክቦች አቀራርበው የአንዱን መሃል ቢነቀንቁት፣ ሳይነኩት የሌላውም መሃል መዞር ይጀምራል፤ ቆይቶ እንቅስቃሴው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። በዚህ ቅብብል የሚያሰላ፣ እንደ ዛሬዎቹ የማይግል ኮምፒውተር እንሠራለን ብለው አጥኚዎቹ ተስፋ ያደርጋሉ። ገባኝ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ግማሹ ገብቶኛል።

በማግስቱ ነጠላዬን ለብሼ ከኋላ ተቀመጥኩ። ደህና ስትናገር ቆየች። ከዚያ አንድ ሸበቶ ፕሮፌሰር፣ ሁለቱ ክቦች እኩል ባይሆኑስ እያለ አፋጠጣት። መለሰች። ደገመ። መለሰች። ሲሠልስባት ሰሌዳው ላይ አፍጥጣ ቀረች። ጽጌ፣ የተቆጧት መሰለኝ። ፈተና መሆኑን እያወቅኩ እግሬ ብድግ አደረገኝ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ለእርቅ እንደ ተላከ ሽማግሌ ጎንበስ ብዬ፣ በአማርኛ ለመንኩ። ስለ ማርያም ብላችሁ ማሯት፣ እናቷ የሞተችባት ልጅ ናት አልኩ።

 ፕሮፌሰሩ ምን አሉ ብሎ ጠየቃት። ሊያ አየት አደረገችኝና በእንግሊዝኛ፣ አባቴ ስለ ጥያቄዎቻችሁ እያመሰገነ ነው አለች። አጨበጨቡልኝ። ያን ያህል እንግሊዝኛ አያመልጠኝም። ልጄ እኔን ለመሸፈን ዋሸች፤ በዚያ ጭብጨባ መሃል መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ ዞራ መለሰችለት። ክቦቹ ጥቂት ከተለያዩ የሚሻገረው እንቅስቃሴ ከፊሉ ብቻ ነው፤ በጣም ከተለያዩ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ይዞራል አለችው። ለካ ዝም ያለችው እያሰበች ነበር። ሰውየው ፈገግ አለ። አለፈች።

ስንመለስ የኮልፋክስን መንገድ ይዤ ቀስ ብዬ ነዳሁ። ይቅርታ ልላት ስል እሷው ቀደመችኝ። ኢትስ ፋይን ባባ፣ ምንም አይደል፣ ግን እማዬን ለምን አነሳሃት? አለችኝ።

መልሱን እስካሁን ስፈልግ ያገኘሁት ይህን ነው፤ አንቺ ብትኖሪ ቁጭ ብለሽ ታምኛት ነበር። እኔ አላመንኳትም። ጸሎተኛ ነኝ ባዩ ሰውዬ፣ እግዜር የሰጠኝን ልጅ ምን እንደምታህል ሳላይ፣ ሞትሽን እንደ ለማኝ ሳህን ዘረጋሁት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይህንኑ እነግራታለሁ። አንቺም ይቅር በዪኝ። እስክንገናኝ ስምሽን በየጠዋቱ አነሳለሁ፣ አልረሳሽም። የማነሳው ግን ለነፍስሽ ነው። ሊያን እንዲምሩልኝ ከእንግዲህ ማንንም አልለምንበትም።

ያንቺው ተፈራ