እጇ ጆሮዋን እስኪነካ

መስከረም 8፣ ሰኞ

አልደረሰም። አንድ ጣት ያህል ቀረ። የሺ ቀኝ እጇን በአናቷ ላይ አሳልፋ ግራ ጆሮዋን ልትነካ፣ ምላሷን አውጥታ፣ ዓይኗን ጨፍና ስትንጠራራ አረፈደች። አስኳላው ልጅ የሚቀበለው በዚህ ነው። እጁ ጆሮውን የነካ ደርሷል ይባላል፤ ያልነካ "በሚመጣው ዓመት" ተብሎ ይመለሳል። ምን ያድርጉ! በእኛ አገር የልጁን ዕድሜ ቆጥሮ የሚናገር ወላጅ የለም። እኔ ራሴ የሺን የወለድኩት አንበጣ በወረደበት ዓመት ነው ከማለት ሌላ የማውቀው የለኝም።

ምዝገባው የፊታችን ሰኞ ነው። አማቴ እሜቴ ደስታ የሺን ወደ አገራቸው ወደ ወገዳ ወስደው፣ እሳቸው ዘንድ አሳድገው፣ ለአንድ ባለ ርስት ልጅ ሊድሯት ካሰቡ ቆይተዋል። እኔ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። ባለፈው ሲመጡ ባሌ ታከለ በእናቱና በእኔ መካከል ቁጭ ብሎ ፈረደ። "አስኳላው ከተቀበላት እዚሁ ትቀመጥ። ካልተቀበላት በመስቀል ማግስት ከእናቴ ጋር ትሂድ" አለ። ጨው ነጋዴ ነው፤ ፍርድ ሲሰጥ ግን ዳኛ ያስንቃል። ቃሉን አያጥፍም፤ ይኼ ነው የሚያስፈራኝ።

መስከረም 9፣ ማክሰኞ

ዛሬ የሠራሁትን ለሰው አልናገርም። ለዚህ ወረቀት ብቻ ልንገረው። የልጄን ክንድ በቅቤ እያሸሁ ስስብ ዋልኩ። ይረዝማል መስሎኝ! እሷ "እማዬ፣ ሰኞ ጅብ እሆናለሁ?" ትለኛለች። የጅብ የፊት እግር ረጅም ነው ብዬ ነግሬያት ነበር።

ማታ ላይ ልብ ብዬ ሳያት ችግሩ ክንዷ አይደለም። ቁንጮዋ ነው! ጭንቅላቷ ዙሪያውን ተላጭቶ አናቷ ላይ የቀረው ፀጉር እንደ ጤፍ ነዶ ቆሟል። እጇ በዚያ ላይ ሲያልፍ ዙሩ ይበዛበታል። እሱ ባይኖር ድሮ ደርሳ ነበር።

ግን መቁረጥ አልችልም። ስለት ነው። ከየሺ በፊት ሁለት ቀብሬያለሁ። እሷ ስትወለድ፣ ካሳደግሽልኝ ቁንጮዋን ምላጭ ሳላስነካ አምጥቼ ደጅሽ ላይ አስላጫታለሁ ብዬ ለእመቤቴ ለቤተ ልሔም ማርያም ተሳልኩ። ቀኑም የዘንድሮ ጥር ማርያም ነው። ምዝገባው ደግሞ መስከረም። አይ የኔ ነገር!

መስከረም 10፣ ረቡዕ

የኔታ ዘንድ ሄድኩ። እኔን ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ያን ጊዜ ዓይናቸው ደክሞ ነበርና አባቴ የሰጠኝ እጃቸውን ይዤ እንድመራቸው ነው። "እግረ መንገዷን ፊደል ትያዝ፤ ዓይኗን ብቻ ይተዉልኝ" ብሎ አስረከበኝ። የመጀመሪያው ቀን ያለቀስኩት አለንጋ ፈርቼ አልነበረም። ተማሪው ሁሉ በአንዴ ሲጮህ ንብ የተነሳ መስሎኝ ነው። ነጠላዬን ተከናንቤ መሬት ተደፋሁ። የኔታ ሳቁብኝና "ይህ ንብ አይናደፍም፤ የሚናደፈው እኔ ነኝ" አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር፤ ይናደፋሉ። ቢሆንም ፊደሉን፣ መልእክተ ዮሐንስን፣ ወንጌሉን ይዤ ዳዊት እኩሌታ ደረስኩ። እዚያ ላይ አጩኝ። ጥርሴን ገና ነቅዬ አልጨረስኩም። የቀረውን መዝሙር እስከ ዛሬ ስሰማው ይከፋኛል።

ዛሬ ስለ ቁንጮው ስጠይቃቸው "እንዳትነኪው፤ ስለት ነው" አሉ። "ምን አስቸኮለሽ ደግሞ? እኔ ዘንድ አምጪያት። እኔ የማንንም ጆሮ አልለካም።"

"የእርስዎን ትምህርት ባሌ ለፍርዱ አይቆጥረውም፣ የኔታ።"

"ባልሽ ጨዉን ይቁጠር!" አሉ።

ሳቅኩ። ግን ወደ ቤት ስመለስ አሰብኩት። የኔታ ዘንድ ፊደል አጥንት ውስጥ ይገባል። አስኳላው ሒሳብ አለው፣ የፈረንጅ ቋንቋ አለው፣ ሴት ልጅ ከወንድ እኩል አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች ይባላል። ለኔ ቢሆን ጠዋት አስኳላ፣ ማታ የኔታ ዘንድ ብትማር ደስ ይለኛል። የጠገበ ምኞት ነው፤ መጀመሪያ እጇ ይድረስ።

መስከረም 12፣ ዓርብ

ገበያ። እሜቴ ደስታ መጡ። ብቻቸውን መስሎኝ ነበር፤ የባለ ርስቱን ወንድም አስከትለው ነው። ሊድሯት ያሰቡለት ልጅ አጎት ነው፤ ልጅቷን አይቶ ሊመለስ። ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ቁጥብ ሰው ነው፤ ክፋት አላየሁበትም። ክፋት ባይበት ደስ ባለኝ።

አማቴ ገበያውን ሁሉ አዳረሱት። ለጨው ሻጩም ለቅቤ ሻጯም "የልጄ ልጅ እኮ ደርሳለች፣ አድጋለች፣ ወገቧን አያችሁት?" ይላሉ። የሺ ከኋላቸው የሸንኮራ አገዳ እየመጠጠች ትከተላለች። እኔ ምስር እያስሰፈርኩ ጥርሴን ነከስኩ።

መስከረም 13፣ ቅዳሜ

ዘዴ መጣልኝ! አይቆረጥም እንጂ አይከፈል አልተባለም። ቁንጮዋን በቅቤ አርሼ መሐል ለመሐል ከፈልኩና ግራና ቀኝ አስተኛሁት። በመሐሉ እንደ ትልም መንገድ ወጣ። እጇን በትልሙ ሰደደች። ነካች! ሦስቴ ሞከርን፣ ሦስቴም ነካች። እልል ልል አፌን ከፍቼ አማቴ በረንዳው ላይ መሆናቸው ትዝ ሲለኝ ዘጋሁት።

መስከረም 15፣ ሰኞ

ሁሉም ከተኛ በኋላ ነው የምጽፈው።

ስንሄድ የሺን እፊት እፊቴ አደረግኋት። አማቴና አጎትየው "እስኪ የመንግሥትን ተማሪ ቤት እንየው" ብለው ተከተሉን። ክፍሉ ውስጥ የጃንሆይ ሥዕል ተሰቅሏል። መምህሩ ልጅ እግር ነው፤ ከጎንደር የመጣ። ወላጅ ወደ ኋላ፣ ልጅ ወደ ፊት አለ።

ተራችን እስኪደርስ ግን የሺ ቁንጮዋን አሽታ አሽታ ጨርሳዋለች! "ቅቤው በላኝ" አለች። ትልሙ የለም። ነዶው እንደገና ቆሟል። እጇን ሰደደች። ጣቷ ከጆሮዋ በላይ አየር ላይ ቀረ።

መምህሩ "ገና ናት። በሚመጣው ዓመት" አለ።

አጎትየው ወደ አማቴ ዞረ። "ገና ናት እንዴ?" አለ። ይህችን ብቻ።

የእሜቴ ደስታ ፊት እንደ በርበሬ ቀላ። ዓርብ ገበያውን ሙሉ ደርሳለች ሲሉ የዋሉ ሰው! "ማን ነው የልጄን ልጅ ገና ናት የሚል?" ብለው ልጆቹን በከዘራቸው ገለል ገለል እያደረጉ ወደ ፊት ወጡ። "አንተ ልጅ፣ ዓይን የለህም? ይኼ ፀጉር ነው እንጂ ጭንቅላት ነው?" አሉና ቁንጮዋን በመዳፋቸው ጭፍልቅ አድርገው ያዙት። "ድገሚ!"

የሺ ደገመች። ጆሮዋን ነካች ብቻ አይደለም፣ ጨምድዳ ያዘችው።

"ይኸው! ደርሳለች!" አሉ አማቴ።

"ደርሳለች" አለ መምህሩም፣ ስሟንም ጻፈ።

አማቴ አጎትየውን በኩራት አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። ከዚያ የተጻፈውን። እጃቸውን ከቁንጮው ላይ ቀስ ብለው አነሱት። ታከለ ማታ ሲሰማ ጣሪያውን እያየ "እንግዲህ ቃሌ ቃል ነው" አለ። ሳቁን የዋጠ መሰለኝ።

መስከረም 18፣ ሐሙስ

መስቀልን አብረን ዋልን። ዛሬ ጠዋት የአማቴ በቅሎ ተጫነች። ያለ የሺ፣ ከአጎትየው ጋር ብቻ ሊሄዱ ነው። ስንቃቸውን አጥብቄ ቋጠርኩላቸው። "ሁለት ክረምት እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አልጠብቅም" አሉኝ። ሲያወሩም ያንን ጉልበተኛ መዳፋቸውን የሺ አናት ላይ ጣል አድርገው ነበር።

ከሁለት ክረምት በኋላ ምን እንደሚመጣ እንጃ። እኔ ግን ዳዊት እኩሌታ የደረስኩት በዚያው ያህል ጊዜ ነው።

ትምህርት ሰኞ ይጀመራል። የሺ ከአሁኑ ሹም ሆናለች። ከሰዓት የጎረቤቱን ልጆች አጥራችን ሥር ደርድራ እጃቸውን ስትለካ ነበር። ያልደረሰውን "በሚመጣው ዓመት" እያለች ታባርራለች። አንዱ እያለቀሰ ሄደ። ተይ ብላት ወደ እኔ ዞረች።

"አንቺስ እማዬ? እጅሽን!"

በሻሼ ላይ እጄን አሳልፌ ግራ ጆሮዬን ነካሁላት። ጠጋ ብላ አየች፣ ዞራም አየች።

"ደርሰሻል" አለች። "ሰኞ አብረን እንሄዳለን።"

ሳቅኩ። ከዚያ የሚፈጭ እህል አለብኝ ብዬ ጓዳ ገባሁና አለቀስኩ።